ገባ እና ሄደ

አክስቴ ስመኝ ቤት ሳሙና አይገባም ነበር። ልብሱም፣ ሰሃኑም፣ ገላዋም የሚታጠበው በእንዶድ ነው። መምህርት ሆኜ ከአዲስ አበባ ወደ ዲላ የተመለስኩ ጊዜ፣ ባዶ እጄን ከምገባ ብዬ በወረቀት የተጠቀለለ፣ አበባ አበባ የሚሸት ሳሙና ገዛሁላት። ወረቀቱን ገለጥ አድርጋ አሸተተችው። ከዚያ ተነስታ ጓሮ ገባችና አስመለሳት። ተመልሳ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ልጄ» አለችኝ። ተናደድኩ። በሰው ስጦታ ላይ ማን ያስመልሳል? ያን ቀን ነው ቁጭ አድርጋ የነገረችኝ።

አንቺ እያልኳት ነው ያደግሁት፣ እዚህም አንቱ አልላትም። ታሪኩም የሚያኮራ አይደለም። ስለ ጣሊያን ዘመን ሲወራ በከተማችን ያልሸፈተ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ጠመንጃ ይዞ ገደል ለገደል ሲዋጋ ነበር። ታዲያ የመኮንኖቹን ካልሲ ማን አጠበ? ጫማቸውን ማን ወለወለ? ጠርሙሳቸውን ማን ከፈተ? እንዲህ ብዬ ስጠይቅ ሰው ሁሉ ወደ ጣሪያ ያያል። ካልሲውን ያጠበችው አክስቴ ናት። እኔ አላፍርበትም ማለት አልችልም፤ ስጽፈው ራሱ ምራቄ ይመርረኛል።

በ፲፱፻፴ ዓ.ም. ስመኝ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። አባቷ ከመንዝ መጥቶ ዲላ የሰፈረ ወታደር ነው። የጌዴኦ ገበሬዎች ገባር ሆነውለት አጥሩን ሲያጥሩ፣ እንጨቱን ሲፈልጡ፣ ማሩን ሲያመጡለት ኖሩ፤ እሱ ሲያመናጭቃቸው ኖረ። ሲሞት ለልጁ የተወላት ትልቁ ውርስ ምላሱ ነው። «አንቺ ከንቱ» ይላት ነበር። ውሃ ከደፋች ከንቱ፣ ወጥ ካረረባት ከንቱ። ሰውዬው ሲቀበር ቃሉ አብሮት አልተቀበረም። እሷው ተቀብላ ለራሷ ትለው ጀመር። ማሰሮ ከእጇ ሲያመልጣት፣ እንቅፋት ሲመታት፣ ማንም ሳይሰማ፣ ከንፈሯን እያነቃነቀች፣ «አንቺ ከንቱ።»

ከገባሮቹ ልጆች ጋር ስላደገች ጌዴኦኛ እንደ አፍ መፍቻዋ ነበር። ባሏ ከጦሩ ጋር ዘምቶ በዚያው ቀረ። ጣሊያን ዲላ ገብቶ ካምፑን ሲተክል የሹማምንቱን ልብስ የሚያጥብ ሰው ተፈለገ፣ እሷም ሄደች። ሌላ የምትበላበት መንገድ አልነበራትም። ሥራው ግን ይዘገንናል። ወይን ጠጅ ያስመለሱበት አንሶላ አለ። ላብ የደረቀበት፣ ብቻውን የሚቆም ሸሚዝ አለ። እጅጌው ላይ ደም ያለበት ልብስ አለ፣ ደሙ ደግሞ የባለ ልብሱ አይደለም። የውስጥ ሱሪያቸውን ነገር ልተወው፣ ምግብ ላይ ሆኖ የሚያነብ ይኖራል። ይህን ሁሉ ተሸክማ ወደ ለገዳራ ወንዝ ትወርዳለች፣ በእንዶድ ታሸዋለች፣ ንጹሕ አድርጋ ትመልስላቸዋለች። ነጭ ለብሰው ጠዋት ሲወጡ ሰው ይመስላሉ። «ሰው ያስመሰልኳቸው እኔ ነኝ» ትል ነበር።

አንድ ቀን የታጠበ ልብስ ታቅፋ ካምፑ ስትገባ፣ ገሪማ ጠራት። ገሪማ ከመረብ ማዶ የመጣ አስተርጓሚ ነው። ጣሊያንኛና አማርኛ ያውቃል፣ ጌዴኦኛ ግን አይሰማም። ጌዴኦኛውን ወደ አማርኛ የሚመልስለት ሌላ ሰው ነበረው፤ ያ ሰው ወባ ጥሎታል። በዚያው ሳምንት ደግሞ በይርጋጨፌ መንገድ የስልክ ሽቦ ተቆርጧል። ቤቱ ያልተገኘ ወንድ ሁሉ ይፈለጋል፤ ወንዱ ከሌለ እናቱ ትመጣለች። ያን ቀን የተያዘችው እናት ግቢው መሃል መሬት ላይ ተቀምጣለች። ስመኝ አወቀቻት፤ ወርቂቱ ናት፣ የድሮ የአባቷ ገባር ሚስት። በልጅነቷ ቆጮ አጉርሳታለች።

የካምፑ መቶ አለቃ፣ ቴኔንቴ የሚሉት፣ ወንበር ላይ ሆኖ ጥያቄውን ለገሪማ ወረወረ። ገሪማ ለስመኝ፣ «ልጇ በሪሶ የት እንዳለ ጠይቂያት» አለ። ስመኝ በጌዴኦኛ ጠየቀች። ወርቂቱ በቀላሉ መለሰች። ልጇ ጫካ መሄዱን ተናገረች፣ ሌላ የጨመረችው ነገር የለም። ወቅቱ ማር የሚቆረጥበት ነው፤ ቀፎ የሰቀለ ሰው በዚያ ሰሞን ጫካ ካልሄደ የት ይሄዳል?

ስመኝ ልብሱን እንደታቀፈች ወደ ገሪማ ዞረች። «ጫካ ገባ ትላለች» አለችው።

ሄደ ማለት ነበረባት። በዚያ ዘመን ጫካ የሄደ ሰው ማር ሊቆርጥ ወይም እንጨት ሊያመጣ ይሆናል። ጫካ የገባ ሰው ግን አርበኛ ሆኗል። ይህን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ አልነበረም፣ እሷም ታውቀዋለች። ግን ያን ሰሞን ወንዝ ዳር የሴቱ ሹክሹክታ ሁሉ የእገሌ ባል ገባ፣ የእገሊት ወንድም ገባ ነበር። ምላሷ የለመደውን ቃል አነሳ። ገሪማ ጆሮው ቆመ። ወደ ቴኔንቴው ዞሮ አንዲት ቃል ተናገረ፤ «ሪቤሌ።» ሸፍቷል ማለቱ ነው። ያችን የጣሊያንኛ ቃል ስመኝ ታውቃታለች። በዚያች ቅጽበት ስህተቷ ፍንትው ብሎ ታያት። አፏን ከፈተች።

ቴኔንቴው ፈገግ አለላት። ከጠረጴዛው ላይ ገና ያልተነካ ሳሙና አነሳና ወረወረላት። «ብራቫ» አላት፣ ጎበዝ ማለቱ ነው። ስመኝ ቀለበችው። የከፈተችው አፍም ምንም ሳይናገር ተዘጋ።

ስትነግረኝ እዚህ ላይ ቆመች። እጇን ዘርግታ መዳፏን ለብዙ ጊዜ አየችው። «ቃሉስ አመለጠኝ እንበል» አለችኝ። «ሳሙናውን ምን ልበለው? ቀለብኩት እኮ።»

በሪሶ ምንም አልሰማም። በሦስተኛው ቀን አንድ ቅል ሙሉ ማር ይዞ፣ ፊቱ ንብ ነድፎት አብጦ፣ ለመሸጥ ዲላ ገበያ መጣ። ባንዶች ገበያው መሃል ያዙት። ማሩ ወደ ቴኔንቴው ማዕድ ቤት ሄደ፣ እሱ ከነጋዴ ላይ ወደተነጠቀ የቡና መጋዘን ተወረወረ። ከፍ ያለ ሹም፣ ማጆሬ የሚሉት፣ በወሩ መጥቶ ይፈርድበታል ተባለ። ሪቤሌ የተባለ ሰው ፍርዱ ምን እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ገበያው ዳር የመስቀያ ገመድ የተንጠለጠለበት ግንድ ቆሟል።

ከዚያ ወዲያ የአክስቴ ሕይወት ገማ። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ወርቂቱ በየቀኑ ካምፑ በር ላይ ትቀመጣለች፣ ስመኝ በየቀኑ ሁለት ጊዜ በፊቷ ታልፋለች። ወንዝ ዳር ሴቶቹ ድንጋያቸውን ከድንጋይዋ አራቁ። «የአባቷ ልጅ» አሏት። ይህ ሁሉ ግን ውስጧ ካለው አፍ አይብስም። «አንቺ ከንቱ» ይል የነበረው አፍ አሁን የሚለው ተጨማሪ አግኝቷል። አስበላሽው። በሳሙና ሸጥሽው። ያጎረሰሽን እጅ ነከስሽ። እንጀራ ስታነሳ ይናገራል፣ ውሃ ስትጎነጭ ይናገራል። እጇን በአመድ ብትፈትገው፣ በሎሚ ብታሸው፣ የሳሙናው ሽታ አልለቅም አላት። የበላችው አይረጋላትም። የገዛ ሰውነቷ እንደ እነዚያ አንሶላዎች አስጠላት።

ለነፍስ አባቷ ተናገረች። ስግደት አዘዙላት። ሰገደች። ስትወድቅም ስትነሳም ያ አፍ አብሯት ይቆጥራል፤ አንድ፣ ከንቱ፤ ሁለት፣ ከንቱ። ቃሏን ላርም ብላ ገሪማ ቤት ሄደች። በሩ ላይ ቆማ «ያን ቀን እኔ» ብላ ስትጀምር፣ ያ አፍ ከሆዷ ተነሳና ጉሮሮዋን ዘጋው፤ የገሪማ ቦት ጫማ ላይ አስመለሰች።

ገሪማ ነገሩ ገብቶታል። «ስሚ» አላት፣ ጫማውን በሣር እየጠረገ። «አንዴ ተጽፏል። ተሳስቻለሁ ብለሽ ብትመጪ እኔም ተሳስቻለሁ ማለት ነው። የተሳሳተ አስተርጓሚ ምን እንደሚደረግ ታውቂያለሽ? እኔም ልጆች አሉኝ።» ገሪማ አውሬ ነበር ብዬ ብጽፍ እንዴት በተገላገልኩ። አውሬ አልነበረም፣ ፈሪ ነበር። ሰውን ከማዳን ይልቅ ራሱን ማዳን የመረጠ፣ ሚስቱን የሚወድ፣ እሑድ እሑድ የሚያስቀድስ ፈሪ። እንዲህ ያለው ይበልጥ ያቅለሸልሸኛል።

በዚህ መካከል የካውያዋ ማጠፊያ ተሰበረ። የከሰል ካውያ ነው፣ ክዳኑ ካልገጠመ ፍሙ ሸሚዝ ላይ ይፈሳል። የሚሠራላት ይርጉ ብቻ ነው። ይርጉ ከከምባታ በኩል መጥቶ ከከተማው ጥግ ጎጆ የቀለሰ ቀጥቃጭ ነው። ከተማው ማረሻውንም ቢላዋውንም ያሠራውና ቡዳ ይለዋል። ዓይኑን አያዩትም፣ ልጅ ይዘው በደጁ አያልፉም። ስመኝም እንደ ሰዉ ነበረች። ዕቃ በሰው ትልክና፣ ተሠርቶ ሲመጣ ሦስት ጊዜ ታጥበዋለች። ያን ቀን ግን ራሷ ተሸክማ ሄደች። ከቡዳ የባሰች መሆኗን አምናለች።

ይርጉ ሚስቱ ሞታበት ወናፉን የሚነፋለት ሰው አልነበረውም። ካውያውን አገላብጦ አየና፣ «አንተ ወናፍ ያዝ፣ እኔ እመታለሁ» አላት። አማርኛው የከምባታ ሰው አማርኛ ነው፣ ወንድና ሴት አይለይም። ወናፉ ሁለት የፍየል ቆዳ ነው፤ አንዱን ከፍተህ ስታነሳው ነፋስ ይጠጣል፣ አፉን ይዘህ ስትጫነው ወደ ፍሙ ይተነፍሳል። ስመኝ ተቀመጠችና ትጨቁነው ጀመር። ትንፋሿ አጭር፣ እጇም እንደ ትንፋሿ። አመዱ ቦነነ፣ ፍሙ ተበተነ።

«ቀስ በል» አለ ይርጉ። «ይሄ እባብ አይደለም፣ አትግደል። ነፋስ ይገባል። ጠብቅ። ከዚያ ይሄዳል። ገባ። ሄደ። ገባ። ሄደ።»

«ወጣ ነው የሚባለው» አለችው። በዚያ ሁሉ መከራ መሃል አማርኛ ማረሟን አልተወችም።

«ወጣማ በር ላይ ይቆም ይሆናል» አለ ይርጉ። «ይሄ አይቆምም። ይሄዳል። የሚመጣው ሌላ ነው።»

እጇ ወናፉ ላይ ቆመ። ገባ እና ሄደ። አንድን ሰው ግንድ ሥር ያደረሱት ሁለት ቃላት፣ ከቡዳ አፍ፣ በተሳሳተ አማርኛ። አለቀሰች። ይርጉ ብረቱን ፍሙ ውስጥ ትቶ ጠበቃት።

በኋላ፣ «ወናፍ ስትነፋ ከንፈርህ ይናገራል» አላት። «ማን ነው የሚሰድብህ?»

«ማንም። እኔው ነኝ።»

«እኔን ሌላ ሰው ነው የሚሰድበኝ» አለ፣ የእሷ እንደገረመው ሁሉ። «ቡዳ ይሉኛል። አንተም ብለሃል።» አልካደችም። «ድሮ ያን ቃል ይዤው ቤት እገባለሁ። ስበላ ቡዳ። ስተኛ ቡዳ። አንድ ቀን ወናፍ ይዤ አሰብኩ። እነሱ ጠዋት አንድ ጊዜ አሉ፣ ሄዱ። መቶ ጊዜ የምለው እኔ ነኝ። ቃል ፍም ነው፣ ካልነፋህበት አመድ ይሆናል።»

«ላባርረው ሞክሬያለሁ። ዝም በል እለዋለሁ። ይብሳል።»

«ማባረርም መንፋት ነው። ሲመጣ መጣህ በለው፣ በቃ። ከዚያ ትንፋሽ ይግባ፣ እስከ ሆድ። ጠብቅ። ትንፋሽ ይሂድ፣ ከገባው ቀስ ብሎ። ዓይን እጅ ላይ ይሁን፤ እጅ አሁን ምን ይሠራል፣ እሱን እይ። ቃሉ መሃል ይመጣል። ይምጣ። አንተ ወናፍ ላይ ነህ።»

ስመኝ ወናፉን አንዴ አንስታ ጫነችው። ከዚያ የሚያንቃትን ጠየቀችው። «ስድቡ እውነት ቢሆንስ?»

ይርጉ ብረቱን አወጣ። ቀጠቀጠ፣ አገላበጠ፣ ደግሞ ቀጠቀጠ። «እውነት ከሆነ ሥራ አለው» አለ በመጨረሻ። «ስድብ ሥራ የለውም። አንተ ቀን ሙሉ ራስህን ትሰድባለህ፣ ልጁ እዚያ ታስሯል።»

ማጠፊያው ገጠመ። ካውያዋን ስትቀበል፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አንቱ» አለችው። በዲላ ለቀጥቃጭ አንቱ ያለ ከዚያ በፊት የነበረ አይመስለኝም። ይርጉም ደንግጦ ከኋላው ሌላ ሰው የቆመ መስሎት ዞረ።

ከዚያ በኋላ ብርሃን ወረደላት ብዬ የምጽፍ እንዳይመስላችሁ። ስድቡ ጠዋት ከእሷ ቀድሞ ይነሳል። ልዩነቱ ሌላ ነው። ወንዝ ወርዳ ሸሚዙን ከውሃው ስታነሳ ትንፋሽ ታስገባለች፣ ድንጋዩ ላይ ስታሳርፈው ትለቃለች። ገባ። ሄደ። «አስበላሽው» ይላል። መጣህ፣ ትለዋለች፣ እጇን ታያለች። እጇ እንዶድ ያሻል። መጀመሪያ ላይ ሦስት ትንፋሽ አይሞላላትም ነበር፤ በአራተኛው ታንቃ ቁጭ ትላለች። በአፍንጫዋ አየር ስትስብ የሳሙናው ሽታ አብሮ ይገባል። ሽታውም ይግባ አለች። ገባ፣ አንገሸገሻት፣ ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት ግማሽ እንጀራ በላች፣ ረጋላትም። ለሰው የሚነገር ድል አይደለም።

ስድቡ ትንሽ ፋታ ሲሰጣት ግን፣ ከሥሩ ሌላ ነገር ቀርቶ አገኘችው። ጸጥ ያለና ቁርጥ ያለ ነገር ነው። ወይም ትናገሪያለሽ፣ ወይም ልጁ ይሰቀላል። እስከዚያ ድረስ በጩኸቱ ብዛት ተሰምቷት አያውቅም። ቀኑም እያለፈ የማጆሬው መምጫ እየቀረበ ነበር።

ማጆሬው ሐሙስ ጠዋት ደረሰ። በረንዳ ላይ ቁርስ ቀረበለት። ስመኝ የተተኮሰ ካፖርቱን በክንዷ ይዛ እንድትጠብቅ ተነገራት። በሪሶ እጁ ታስሮ ግቢው መሃል ቆመ፣ ወርቂቱ በሩ ላይ ናት። ገሪማ ከወረቀት ያነባል፤ ማጆሬው እያኘከ ይሰማል። እያኘኩ ሰው ላይ መፍረድ እንዴት ያለ ሆድ ይጠይቃል? ስመኝ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ዳቦው ላይ የሚቀባው ማር ከቅል ውስጥ ነው የሚጨለፈው። ቅሉን አወቀችው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከጠረጴዛ ልብሱ ላይ ስታጥበው የነበረው የማር ነጠብጣብ የማን እንደነበረም በዚያች ደቂቃ ገባት። ማስረጃውን ቁርስ እያደረጉት ነው።

ያ አፍ ተነሳ። ዝም በይ አንቺ ከንቱ፣ ያንቺ አፍ ሰው ይገድላል። ምራቋ ሞላ። መጣህ አለችው። ዓይኗን እጇ ላይ አደረገች፤ እጇ ካፖርት ይዟል። ገባ። ጠበቀች። ሄደ። ገባ። ሄደ። ስድቡ አላቆመም። እሱም እየተናገረ እሷ ተናገረች።

«አቶ ገሪማ፣ ተሳስቼ ነው። እናቱ ያለችው ጫካ ሄደ ነው። ማር ሊቆርጥ ነው የሄደው። ገባ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ገሪማ ፊቱ አመድ መሰለ። «ካፖርቱን አስቀምጪና ውጪ» አላት በዝግታ። አልተረጎመም።

ስመኝ ሦስት እርምጃ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ጣሊያንኛዋ የማዕድ ቤትና የልብስ ነው፣ እሱም እፍኝ አይሞላም። በሪሶን በጣቷ አሳየች። «ኖ ሪቤሌ» አለች። ከዚያ ጣቷን ወደ ቅሉ፣ ከቅሉም በማጆሬው ጢም ላይ ወደቀረው ማር አዞረች። «ሚኤሌ» አለች። ማር ማለት ነው። «ሪቤሌ ኖ። ሚኤሌ።»

ማጆሬው ማኘኩን አቆመ። ጢሙን በጣቱ ነካና ጣቱን አየው። ከዚያ ሳቀ። ቃሎቹ እየተመሳሰሉ እንደ ልጆች ግጥም ሆነውለታል። «ሪቤሌ፣ ሚኤሌ!» ይላል፣ ጠረጴዛውን ይመታል። ቴኔንቴው ሳቀ፣ ወታደሮቹ ሳቁ፤ ገሪማም ሲስቁ አይቶ ሳቀ። ሰው የቆመበት ግቢ ሁሉ በሳቅ ተናወጠ፣ በሪሶ ግን ለምን እንደሚሳቅ አያውቅም። ይህን ስትነግረኝ አክስቴ የሳቀች እንዳይመስላችሁ። ፍርድ አልነበረም። የንብ እብጠቱን አይተው፣ ሽቦውን መርምረው አይደለም የለቀቁት። ማሩ ስለጣፈጣቸው ነው።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። በሪሶ በየወሩ አንድ ቅል ማር ለካምፑ ያመጣል፣ ነጻ ነው። በከንቱ የታሰረ እንዳይመስል ደግሞ ሃያ ጅራፍ ይገረፋል። እዚያው ገረፉት። ማጆሬው ሁለተኛ ዳቦውን ቀባ። ሲለቁት እናቱ ደግፋው ወጣች። ስመኝ አጠገብ ሲደርሱ ወርቂቱ ቆም አለች፣ እግሯ ሥር ምራቋን እንትፍ አለችና አለፈች። ያ አፍ ይሄን አይቶ እንዴት እንደፈነደቀ ስመኝ ነግራኛለች። ተነፈሰች። «ምራቁ ይገባኝ ነበር» አለችኝ። «ስድቡ ግን አይገባኝም። ልዩነቱን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።»

አራት ቅል ማር መጣ። በአምስተኛው ወር አልመጣም። የስልኩ ሽቦ ፍስሐ ገነት መንገድ ላይ እንደገና ተቆረጠ፤ አሁን ከሽቦው ጋር የሚጠብቁት ሁለት ባንዶችም ጠፉ። ወርቂቱን አመጧት። የገሪማን ጌዴኦኛ አስተርጓሚ በዚያ መካከል ወባው ወስዶታል። ስመኝን ጠሯት።

ሁሉም እንደ ፊተኛው ነው። ቴኔንቴው ወንበሩ ላይ፣ ወርቂቱ መሬት ላይ፣ ገሪማ መካከል፣ ስመኝ ቆማ። «ልጇ የት ነው?» አለ ገሪማ። ስመኝ በጌዴኦኛ ጠየቀች። ወርቂቱ ቀና ብላ ዓይን ዓይኗን አየቻት። ከዚያ ያንኑ የዛሬ ስድስት ወር ያለችውን ቃል፣ አንዲትም ሳትጨምር፣ አንዲትም ሳትቀንስ አለችው። የማር ወቅት ግን አልነበረም። ዝናቡ ከጣለ ሳምንት አልፎታል፣ በዝናብ ቀፎ የሚወርድ ሞኝ የለም። ስመኝ ገባት። በሪሶ አሁን ገብቷል።

ያ አፍ መጣ። ትገድያታለሽ፣ ትንተባተቢያለሽ፣ ከንቱ። መጣህ አለችው። ትንፋሽ እስከ ሆዷ አስገባች፣ ጠበቀች፣ ቀስ አድርጋ ለቀቀች።

«ጫካ ሄደ ትላለች» አለች። «ማር ሊቆርጥላችሁ።»

ገሪማ ለብዙ ጊዜ አያት። ዝናቡንም፣ ወቅቱንም የሚያውቅ ሰው ነው። ጫማውን አየ። ከዚያ ወደ ቴኔንቴው ዞሮ፣ «ሚኤሌ» አለ።

ቴኔንቴው ሳቀ፤ ቀልዱ ትዝ አለው። ከጠረጴዛው ላይ ሳሙና አነሳና እንደ ፊቱ ወረወረላት። ስመኝ ክንዷን ከጎኗ አላነሳችም። ሳሙናው ደረቷን መትቶ ጭቃው ላይ፣ ወርቂቱ እግር አጠገብ ወደቀ። ሁሉም አዩት፣ ማንም አላነሳውም።

«ምነው?» አለ ገሪማ።

«እጄ እርጥብ ነው» አለችው። እጇ ደረቅ ነበር።